ሰርገኛ የት ይግባ?

መልእክቱ የደረሰኝ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ነው። ስምንት ወር የደከምንበትን የጤፍ ኦንቶሎጂ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሊከተለው የሚችል የጤፍ ቃላት መዝገብ፣ በበይነ መረብ ባለ የጋራ ካታሎግ እንዲመዘገብልን ከላክን ሦስት ሳምንት አልፎታል። «ተቀብለነዋል» የሚል ቃል እየጠበቅኩ ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር ግን የካታሎጉ ገምጋሚ ጥያቄ ነበር፦ ሰርገኛ የሚባለው ጤፍ በእርግጥ አለ ወይ?

እንጀራ በልቶ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገኝም።

ነገሩን ከመሠረቱ ላስረዳ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የጤፍ መረጃ ከተለያዩ የምርምር ጣቢያዎች ይመጣል። አንዱ «ነጭ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ማኛ» ይላል፣ ሦስተኛው የዝርያውን ቁጥር ብቻ ያሰፍራል። ሰው አይቶ ይረዳዋል፤ ለኮምፒውተር ግን እነዚህ የማይተዋወቁ ሦስት ቃላት ናቸው። ኦንቶሎጂ የሚሠራው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ ቋሚ መለያና ትርጓሜ ይሰጠዋል፤ ከሌላው ጋር ያለው ዝምድናም ኮምፒውተር ሊከተለው በሚችል አጻጻፍ ይቀመጣል። በጋራ ካታሎግ ሲመዘገብ ደግሞ ሌላ አገር ያለ ተመራማሪ የራሱን ቃል ከመፍጠር ይልቅ የእኛን ወስዶ ይሠራበታል። ስህተታችንንም አብሮ ይወስደዋል።

እኛ ሰርገኛን በአንድ ጊዜ የነጭ ጤፍም የቀይ ጤፍም ንዑስ ክፍል አድርገነው ነበር። ነጩም ቀዩም አለበትና ትክክል መስሎን። ከመላካችን በፊት አመክንዮ የሚፈትሸውን ፕሮግራም አስኪደናል፤ አንድም ስህተት አላሳየም። ገምጋሚው የጨመረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ነጭ የሆነ ጤፍ ቀይ ሊሆን አይችልም። ፕሮግራሙን እንደገና ሲያስኬደው ሰርገኛ የሚለው ስም ቀልቶ ወጣ። ፕሮቴጄ በተባለው የኦንቶሎጂ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ እንዲህ የቀላ ክፍል አንድም አባል ሊኖረው የማይችል ክፍል ነው። እኛ ዘንድ ሳይታይ የቀረው፣ ፕሮግራሙ ሁለት ነገሮች እንደማይደራረቡ በግልጽ ካልተነገረው በራሱ ስለማይገምት ነው። ነጭና ቀይ የተለያዩ መሆናቸውን ለመጻፍ ማን ያስባል? ለእኛ ከመታወቅም ያለፈ ነገር ነበር።

ተናደድኩ። «ጤፍ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሰርገኛ ምን አግብቶት ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። የክፍላችን ኃላፊ ከሚያነቡት ቀና ብለው፣ «ታዲያ የጻፍነው ጤፍ አይቶ ለማያውቅ ሰው አይደለም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት እህል በረንዳ ሄድኩ። እናቴ ለዓመታት ጤፍ የገዛችባቸው እናት አሁንም እዚያው ናቸው። «እማማ፣ ሰርገኛ ምን ማለት ነው?» ስላቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀጥሎ እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ሰደዱና አንድ ጭብጥ ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። የጤፍ ፍሬ ሺህ ተቆጥሮ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ መዳፌ ላይ እንደ አሸዋ ተንሸራተተ። ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብዬ በጣቴ በተን ሳደርገው ነጩ ነጭ ነው፣ ቀዩም ቀይ። መሐል ላይ የቆመ አንድም ፍሬ የለም።

«ልጄ፣ ፍሬው መች ሰርገኛ ይሆናል? ሰርገኛ የሚሆነው ጆንያው ነው» አሉኝ።

ስምንት ወር ስንፈልገው የነበረው ትርጓሜ ይኸው ነበር። እኛ የፍሬን ቀለምና የክምችትን ስብጥር አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለናቸው ኖሯል። ሰኞ ጠዋት «የጤፍ ፍሬ» እና «የጤፍ ክምችት» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አበጀን፤ ሰርገኛም ነጭ ፍሬም ቀይ ፍሬም ያለበት ክምችት ተብሎ ተጻፈ። ነጭና ቀይ እንደማይደራረቡ የሚናገረውን መስመር አስገብተን ፕሮግራሙን አስኬድን። ሰርገኛ አልቀላም።

ያን ጊዜ ዓይናችን ተከፈተና ማኛን አየነው። እዚህ ላይ ገምጋሚው ምንም አላለም፤ ሊልም አይችልም፣ ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ነው። በገበያ ማኛ ማለት እጅግ የነጣው፣ ውድ የሆነው ጤፍ ነው። በምርምር መዝገብ ደግሞ ማኛ ዲዜድ-01-196 የተባለው ዝርያ ስም ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ የተገኘው ይህን ዝርያ ዱከም ከሚባለው ከዲዜድ-01-974 ጋር በማዳቀል ነው። እንግዲህ በደንብ የነጣ የቁንጮ ጆንያ ገበያ ላይ ማኛ ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ በዝርያው ግን የማኛ ልጅ እንጂ ማኛ አይደለም። በእኛ ፋይል ሁለቱ በአንድ መለያ ተቀምጠው ነበር። የገበያ ዋጋና የማሳ ምርት አብረው የሚፈልግ ተመራማሪ ቢጠቀምበት የነጋዴውን ዋጋ ከተሳሳተ ዝርያ ጋር ያጣምር ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

የቀረው እርማት ቶሎ አለቀ። የአጠቃቀም ፈቃድ አላያያዝንም ነበር፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ማንም ደፍሮ አይጠቀምበትም። ትርጓሜዎቻችን «ነጭ ጤፍ፦ ነጭ የሆነ ጤፍ» ዓይነት ነበሩ። ለቀለም የራሳችንን ክፍሎች ፈጥረን ነበር፤ ፓቶ የተባለው የባሕርያት ኦንቶሎጂ ቀድሞ ያዘጋጃቸው ስላሉ እነሱን ወሰድን። መለያዎቹ የተቀመጡበት አድራሻ የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ላይ ስለነበር መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፉ ነበር፤ ወደ ቋሚ መሸጋገሪያ አድራሻ አዛወርናቸው። በስም ፈንታም ቁጥር ሰጠናቸው፣ ስም ቢታረም መለያው እንዳይሰበር።

አሮጌውን የሰርገኛ መለያ ልሰርዘው ስል ኃላፊያችን ከለከሉኝ። ለካ ሁለት ጣቢያዎች ካታሎጉን ሳይጠብቁ መረጃቸውን በእሱ መዝግበው ነበር። ስለዚህ አልተሰረዘም። ዛሬም ካታሎጉን የከፈተ ሰው «ተሽሯል» የሚል ምልክት ተለጥፎበት፣ ከሥሩ የአዲሱ መለያ ቁጥር ተጽፎ፣ ከዚያም በታች ያዘጋጀው ሰው ስም ሆኖ የእኔ ስም ሰፍሮ ያገኘዋል።