ቀዩን ገደልኩት

ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የምንላት፣ እዛ አካባቢ ኸርብ (መዓዛ ያለው የማጣፈጫ ቅጠል) ወደ አውሮፓ የሚልክ ፋርም ውስጥ ስካውት ሆኜ ስሰራ የገጠመኝ ነው። ስካውት ማለት ጠዋት ጠዋት ሉፕ (ትንሽ ማጉያ መነጽር) አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቤድ ለቤድ (መደብ ለመደብ) እየዞረ ቅጠል ሲገለብጥ የሚውል፣ ያገኘውን ተባይ ፎርም ላይ የሚሞላ ሰው ነው። እኔ የያዝኩት ናና፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ነበር፣ ከጎናችን ያለው ግሪንሃውስ ደግሞ ጽጌረዳ።

ጥር ላይ ነው፣ የዝዋይን የጥር ነፋስና አቧራ የቀመሰ ያውቀዋል። በመኪና መንገዱ በኩል ያለው የናና ቤድ መደብዘዝ ጀመረ፣ ቅጠሉ ላይ ጨው የነሰነሱበት ነው የሚመስለው። ገልብጬ ሳይ ማይት! እኛ ሰፈር ቀይ ሸረሪት የሚሉት።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ናና እኮ ነው፣ ዘይቱ አፍንጫ የሚከፍት ተክል እንዴት በተባይ ይበላል ብዬ። ሉፑን አስጠግታችሁ ብታዩት የናና ቅጠል ላይ እንደ ጤዛ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፣ ዘይቱ ያለው እዛ ውስጥ ነው፣ ቅጠሉን በጣታችሁ ስታሹት የሚሸታችሁ ከረጢቶቹ ፈንድተው ነው። ለብዙ ተባይ ይሄ ይበቃዋል። ማይት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ፍጥረት ናት፣ በከረጢቶቹ መሃል መሃል ትሄድና መርፌ የመሰለ አፏን ሰክታ የሴሉን አረንጓዴ ትመጠዋለች፣ ነጩ ነጠብጣብ እሱ ነው። ጭራሽ ከሮዝመሪ፣ ከጥብስ ቅጠል ማለት ነው፣ የወጣ ዘይት ማይት ለመግደል ይረጫል፣ ራሱ የጥብስ ቅጠሉ ግን ደረቅና ሙቅ ቦታ ሲሆን በማይት ይያዛል። ዘይቱ ጠርሙስ ውስጥ ሲጠራቀም ሌላ፣ ቅጠል ላይ በጠብታ ሲሆን ሌላ።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት ስዞር ቅጠሉ ስር ብርቱካናማ ቀይ የሆኑ፣ ሆዳቸው እንደ ፒር ፍሬ የሞላ፣ ሽር ሽር የሚሉ ነገሮች አየሁ። እኔ ደግሞ ቀይ ሸረሪት ቀይ ሸረሪት ሲባል ስለሰማሁ በቃ እነዚህ ናቸው ዋናዎቹ፣ ትላልቆቹ፣ ብዬ ፎርሙ ላይ «ማይት በጣም ጨምሯል» ብዬ ፃፍኩ። ሱፐርቫይዘሩም ፎርሜን አምኖ ስፕሬይ አዘዘ፣ ስቶር ውስጥ የነበረው ደግሞ ፓይረትሮይድ ነው፣ ለነፍሳት እንጂ ለማይት የማይሆን። ማይት 8 እግር ያላት የሸረሪት ዘመድ ናት፣ እሱን እንኳን አላሰብንም።

ለሶስት አራት ቀን ፀጥ አለ። ደስ ብሎኝም ነበር። ከዛ በሁለት ሳምንቱ ቤዱ ድር ለበሰ፣ ጫፉ ላይ ማይቶቹ ተከማችተው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። 30 ዲግሪ ላይ ከእንቁላል እስከ አዋቂ አንድ ሳምንት ገደማ ነው የሚፈጅባቸው፣ ግሪንሃውስ ውስጥ በቀትር ስንት እንደሚደርስ አስቡት።

ነገሩን ያስረዳኝ የጽጌረዳው ቤት አግሮኖሚስት ነው። ቅጠል ይዤለት ሄድኩ፣ ያየሁትን ቀዩን ነገርኩት፣ ልጁ ጭንቅላቱን ያዘ። «አንተ፣ እሱ እኮ ፐርሲሚሊስ ነው! እኛ በብር ገዝተን የምንለቀው!» አለኝ። የኛዋ ተባይ ገርጣ ያለ አረንጓዴ ሆና ጎንና ጎኗ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ያላት ናት (ቀይ የሚሆን ዘርም አላት፣ እኛ ቤት ግን አልነበረም)፣ ቀዩ ደግሞ እሷን በልቶ የሚያድር፣ ሌላ ምግብ የማይፈልግ ጠባቂ ነው። ከጽጌረዳው ቤት በሰው ልብስም በነፋስም ተሻግሮ መጥቶ ኖሯል፣ ስፕሬያችን የጨረሰው እሱን ነው።

ማን ጠራው ብትሉ ተክሉ ነው። ይሄንን በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ማይቷ ስትወጋው ብዙ ተክል ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያነሳል፣ የተባዩን ምግብ መፍጨት የሚያውኩ ፕሮቲኖች ያመርታል፣ ሽታውንም ይቀይራል፣ ፐርሲሚሊስ ያንን ሽታ ተከትሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ሆላንድ ውስጥ እነ ማርሴል ዲክና ማውሪስ ሳቤሊስ በባቄላ ዘመድ ላይ ያሳዩት ነገር ነው። ዐይን የሌለው ፍጥረት የቅጠል ሽታን ብቻ ተከትሎ ሲመጣ እኔ ሉፕ ይዤ ጠላት ነው ብዬ ፎርም ሞላሁበት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን እትዬ ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፣ ናና ሲያጭዱ የኖሩ እናት ናቸው፣ ምንም ሉፕ ሳይዙ «የተጠማው ነው ልጄ የሚበላው፣ እስቲ ውሃውን እየው» አሉኝ። ሄጄ ሳይ የድሪፑ፣ ውሃ የሚያንጠባጥበው ቱቦ፣ መጨረሻ በደለል ተደፍኗል፣ ቤዱ መበላት የጀመረው ልክ ከዛ ጫፍ ነው። በዛ ላይ ቶሎ እንዲያድግ ብለን ናይትሮጅን ጨምረንበታል፣ ማይት ደግሞ እንደዛ አይነት ለስላሳ ቅጠል ነው የምትወደው።

ናናውን እስከ መሬት አጨድነው፣ የተረጨም ስለሆነ ለገበያ አይሆንም፣ በላስቲክ ከረጢት አስረን አወጣነው፣ ምርቱ ሄደ። ደግነቱ ናና ከስሩ መልሶ ይበቅላል። ድሪፑን አፀዳን፣ ማዳበሪያውን ቀነስን፣ መተላለፊያውን ጠዋት ጠዋት ውሃ ማርከፍከፍ ጀመርን፣ የፐርሲሚሊስ እንቁላል አየሩ ሲደርቅ አይፈለፈልም። የፓይረትሮይዱ ርዝራዥ ጠባቂዎቹን ለሳምንታት ስለሚገድል ጠብቀን ነው በጠርሙስ ያስመጣነውን ፐርሲሚሊስ ቅጠል ለቅጠል የነሰነስነው።

አንድ ጠዋት እትዬ ሉፑን ከአንገቴ አስወልቀው ተቀበሉኝ፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ቅጠሉን ብዙ ሰዓት አዩት።

«ይሄ የሚሮጠው ቀዩ የኛ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያው ፎርምህ ላይ በደንብ አድርገህ ፃፈው» ብለው ሉፑን መልሰው አንገቴ ላይ አደረጉልኝ።