ባሕሩ ውስጥ ትገባላችሁ ወይስ ዳር ሆናችሁ ታያላችሁ? ከጎንደር ለሜዲትራንያን ጉዞ ወቅት ሲመረጥ

የመጀመሪያው ወጥመድ «ክረምት» የሚለው ቃላችን ራሱ ነው። ጎንደር ላይ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ጭቃ፣ ጉምና ጃንጥላ። ሮም ወይም አቴንስ ያለ ዘመድ በስልክ «ክረምት ላይ አትምጡ» ሲል ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ማለቱ ነው። እዚያ ዝናቡ የሚመጣው ከብርዱ ጋር ነው። እኛ ጋ ሐምሌ ላይ ዶፉ ሲወርድ አቴንስ ወሩን ሙሉ ጠብታ ሳታይ ልትከርም ትችላለች። ስለዚህ ከዘመድ ጋር ስትነጋገሩ ወቅቱን ተዉትና ወሩን ጥሩ፤ ወሩንም በፈረንጅ አቆጣጠር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን በአማርኛ ስማቸው የተጠሩት ወራት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጥሎ የሚመለሰው ጥያቄ ርዕሱ ላይ ያለው ነው። በየቦታው የሚነበበው የጉዞ ምክር በአብዛኛው የተጻፈው አሸዋ ላይ ተጋድሞ ለሚውል አውሮፓዊ ነው። ከእኛ አገር የሚሄደው ብዙ ሰው ግን ዘመድ ሊጠይቅ፣ ቤተ ክርስቲያንና የጥንት ከተማ ሊያይ፣ ባሕሩንም ዳር ቁጭ ብሎ ሊመለከት ነው። የሁለቱ ጥሩ ወር አንድ አይደለም።

ምክንያቱ ውሃው ነው። አየሩን እንደ ብረት ምጣድ፣ ባሕሩን እንደ ሸክላ ምጣድ አስቡት። ሸክላው ቶሎ አይግልም፤ አንዴ ከጋለ ደግሞ እሳቱ ከወጣም በኋላ እንጀራ ያወጣል። ግንቦት መግቢያ ላይ ግሪክ ውስጥ ቀኑ 24 እና 25 ዲግሪ ደርሶ ሸሚዝ ብቻ ያስለብሳል፤ የኤጂያን ባሕር ግን ገና 18 እና 19 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሲገቡበት ትንፋሽ ይቆርጣል። መስከረም መጨረሻ ላይ አየሩ ያው 24 እና 25 ነው፤ ውሃው ግን በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ 23 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆጵሮስና ወደ ቴል አቪቭ በተጠጋችሁ ቁጥር ሙቀቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ጥቅምት አጋማሽም ይዋኛል። ባርሴሎናና ማርሴይ አካባቢ ቀድሞ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይኸው ነው፦ ለሚዋኝ ሰው ከመስከረም 10 እስከ ጥቅምት 5፣ ለማይዋኝ ከሚያዝያ 20 እስከ ሰኔ 5። በሁለተኛው ጊዜ ሜዳው ገና አልደረቀም፣ ቀኑም ረጅም ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አቴንስ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2:40 ገደማ ነው፤ ጥቅምት መግቢያ ላይ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። እግር ለሚያበዛ ጎብኚ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የመስከረምና የጥቅምት እንከን ማዕበል ነው። ባሕሩ ገና ሞቃት ሆኖ ሳለ ከላይ ቀዝቃዛ አየር ሲመጣበት ዝናቡ በአንዴ ይለቀቃል። በፈረንጆች ሴፕቴምበር 2020 ኢያኖስ የተባለው ማዕበል ምዕራብ ግሪክን መታ፤ በሴፕቴምበር 2023 ዳንኤል የተባለው መጀመሪያ የግሪክን የቴሳሊ ሜዳ አጥለቅልቆ ወደ ሊቢያ ተሻግሮ ደርና ላይ እልቂት አደረሰ፤ በኦክቶበር 29 ቀን 2024 ደግሞ የስፔኗ ቫሌንሲያ በጎርፍ ተመታች። ይህ ጉዞ አያስቀርም፤ አካሄድ ግን ይቀይራል። ደሴት ላይ ከሆናችሁ ከመልስ በረራው በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት ዋናው ምድር ላይ እደሩ፤ ነፋስ ሲበረታ መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ ይከለከላል፣ አውሮፕላኑ ግን አይጠብቅም። መኪና የሚከራይ ሰው ደረቅ ወንዝ ውስጥ አያቁም። ቀሃና አንገረብ በአንድ ዝናብ ሲሞሉ ላየ ጎንደሬ ይህ ብዙ ማስረዳት አይፈልግም።

ሐምሌና ነሐሴ ግን፣ ከተቻለ ይቅርባችሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስጎትታል። እዚያ የሚያደክመው የቀኑ ሙቀት ብቻ ሳይሆን የሌሊቱ ወበቅ ነው፦ ከእኩለ ሌሊት በኋላም 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ አንሶላው ገላ ላይ ተለጥፎ። ማረፊያ ስትይዙ «ቁርስ አለው ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «መኝታ ክፍሉ ውስጥ ኤር ኮንዲሽነር አለ ወይ?» በሉ፤ ሳሎን ውስጥ ብቻ ያለው አይቆጠርም። በኦገስት 11 ቀን 2021 ሲሲሊ ውስጥ ሲራኩዛ አጠገብ 48.8 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ የአውሮፓ ክብረ ወሰን ነው። በጁላይ 2023 በሰደድ እሳት ምክንያት ከግሪኳ ሮድስ ደሴት 19,000 ያህል ሰው እንዲወጣ ተደርጓል። በእነዚህ ወራት ሙቀቱ ሲያይል የአቴንሱ ጥንታዊ ኮረብታ አክሮፖሊስ ቀትር ላይ ለሰዓታት ይዘጋል። በኤጂያን ላይ ደግሞ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሣል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መርከብ ይሰረዛል።

ችግሩ መምህርና ተማሪ ዕረፍት የሚያገኙት ያኔ ብቻ መሆኑ ነው። ግድ ከሆነ ከነሐሴ 16 በኋላ ሂዱ። ኦገስት 15፣ ማለትም ነሐሴ 9፣ በኢጣሊያም በግሪክም ትልቅ በዓል ነው፤ በዚያ ሳምንት አገሬው ራሱ ባሕር ዳር ስለሚወርድ አልጋ ይወደዳል፣ ከተማ ውስጥ ሱቅ ይዘጋል። ጾመ ፍልሰታም በ16 ስለሚፈታ በሁለት በኩል ይቀላል። ውሎውንም ገልብጡት፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በር ላይ መድረስ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ውስጥ መግባት፣ ከ11 ሰዓት በኋላ እንደገና መውጣት።

ለአስጎብኚዎችና ለሆቴል ሠራተኞች ነገሩ ሌላ ነው። መስቀልና ጥምቀት የሥራ ጊዜያቸው ስለሆነ መስከረምን ከእነሱ መጠበቅ ቀልድ ነው። ሰኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይሻሏቸዋል፤ ጎንደር ላይ እንግዳ ይቀንሳል፣ እዚያ ውሃው 22 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፣ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶችም ገና ሁሉም አልዘጉም።

ጾም የሚጾም ሰው ግሪክን ቢመርጥ ይቀለዋል። ፋሲካችን ከእነሱ ጋር አንድ ቀን ይውላል፤ የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። በሁዳዴ ምግብ ቤት ገብታችሁ «ኒስቲሲማ» ካላችሁ የጾም ምግብ ማለት ነው፦ ባቄላ፣ ምስር፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። ነገር ግን በእነሱ ሥርዓት ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ከጾም ይቆጠራል፤ ሳህኑ ከመቅረቡ በፊት ጠይቁ። በራሱ በፋሲካ ሰሞን መርከቡም አልጋውም ይሞላል። እስራኤል ለሚሄድ ደግሞ መስከረም ላይ ወይም ጥቅምት መባቻ የሚውለውን ዮም ኪፑር፣ የአይሁድን የስርየት ቀን፣ ማጣራት ግዴታ ነው፤ በዚያን ቀን የቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ ይዘጋል፣ አውቶቡስም የለም።

ከኅዳር እስከ የካቲት ሮምና አቴንስ ርካሽና ሰልፍ አልባ ናቸው፤ በኢጣሊያ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ ይከፈታሉ። ታኅሣሥ ላይ ግን አቴንስ ከቀኑ 11 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ትጨልማለች፤ ትናንሽ ደሴቶች ላይ አብዛኛው ሆቴል ተቆልፏል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የሸንገን ቪዛ (ለግሪክ፣ ለኢጣሊያ፣ ለስፔንና ለፈረንሳይ በአንድ የሚያገለግለው) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ መግባት ይችላል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ሲቀር አይቻልም። ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የውሳኔ ጊዜ በፈረንጆች 2024 ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው። የጉዞ ጤና መድን ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሁን። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ለመስከረም የሚያስብ ሰው በግንቦት ቀጠሮ ይያዝ። የመጀመሪያ አመልካች ለጣት አሻራ በአካል አዲስ አበባ መውረድ አለበት፤ ቀጠሮው ሐምሌ ላይ ከወደቀ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ፣ ጉም ከአዘዞ የሚነሣውን በረራ ሲያዘገየው ቀጠሮው አብሮ አይዘገይም።

ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው በቀን ነው። የመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር፣ የሆቴሉ ማስያዣ በእነሱ ይሆንና አንድ ቀን ይዛነፋል። በተለይ 2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የሚውለው፤ እንደለመደው «11» ብሎ የቆጠረ ሰው እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ (የካቲት 21) ድረስ በሙሉ ይስታል። ሁለተኛው የሰዓት ነው። ቲኬቱ «ሴፕቴምበር 21፣ 00:40» ካለ፣ በእኛ አነጋገር በ20 ማታ፣ ከሌሊቱ 6:40 ነው። በ21 ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ሻንጣ ውስጥ ነጠላ አይርሳ። የቫቲካኑ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ ሰው አያስገባም፤ በር ላይ ከሚሸጠው ሻርፕ የራሳችን ነጠላ ይበልጣል። ማታ መርከብ ላይ ለሚያድር ደግሞ ጋቢ፤ ነፋሱ ግንቦትም ቢሆን ይበርዳል።