ጸሎቴ የተመለሰልኝ ከወንበሬ ስነሣ ነው

ከአልኮል ሱስ እንድላቀቅ ለዓመታት የጸለይሁት ጸሎት «ጌታ ሆይ፣ ይህን አምሮት አርቅልኝ» የሚል ነበር። እግዚአብሔር ሰምቶኛል፤ መጠጥ ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። መልሱ የመጣበት መንገድ ግን በሕክምና ላይ ላሉ ብዙዎች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ይህን ምስክርነት እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ የረዳኝ በሐኪም እጅ ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና ራስን የሚያስት ቅዠት ሊገጥመው፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ስለሚችል፣ እነዚያን ቀናት በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 እየታገዝሁ በማገገሚያ ማዕከል ተኝቼ አሳለፍሁ። ጸሎትን ይዞ ይህን ብቻውን ለመወጣት የሚያስብ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ ሐኪምም የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና እባካችሁ አስቀድማችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ሰውነቴ ከአልኮል ቢጸዳም አምሮቱ አልለቀቀኝም። በማዕከሉ ቀኑ የሚያልፈው በመቀመጥ ነበር፤ በቡድን ውይይት እንቀመጣለን፣ ተራ ስንጠብቅ እንቀመጣለን፣ ከእራት በኋላም ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጣለን። ክፉ ሰዓቴ ይህ የመጨረሻው ነበር። መጠጡ ውል ሲለኝ አፌ ይደርቃል፣ መዳፌን ያልበኛል፣ ጣቶቼም ብርጭቆ እንደ ጨበጡ ሁሉ ታጥፈው አገኛቸዋለሁ። እዚያው ወንበር ላይ እጸልያለሁ፣ ጸልዬም እዚያው እቆያለሁ፤ አምሮቱም አብሮኝ ይቆያል።

አንድ ምሽት ጸሎቱን ሳልጨርስ «ተነሥ» የሚል ሐሳብ በልቤ መጣ። ድምፅ ሰማሁ አልልም፤ ከእግዚአብሔር እንደ ነበረ ግን አልጠራጠርም፤ መጻጉዕን ከአልጋው ያስነሣ አምላክ እኔን ከወንበር ማስነሣት አይሳነውምና። ወጥቼ በኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈጠን ብዬ መመላለስ ጀመርሁ። ትንፋሼ ከፍ እያለ፣ ጸሎቱም ከእርምጃዬ ጋር አጭር አጭር ሆኖ እየወጣ ሲሄድ፣ መጀመሪያ ትከሻዬ ላላ፣ ቀጥሎ ጣቶቼ ተፈቱ፤ ከዚያም ስለ መጠጥ ሳላስብ ጥቂት ደቂቃዎች እንዳለፉ አስተዋልሁ።

ይህን ስነግራት አማካሪዬ አልተገረመችም። አምሮት እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ የሚበርድ መሆኑን፣ በሕክምና ላይ ባሉ ሰዎች በተደረጉ ጥናቶችም 10 ደቂቃ ያህል መጠነኛ ብስክሌት መንዳት ፍላጎቱን ለጊዜው ሲቀንስ መታየቱን አስረዳችኝ። እንቅስቃሴ ብቻውን መጠጥ ያስተዋል ለማለት ግን ማስረጃው እንደማይበቃ አልሸሸገችኝም፤ ስለዚህ መድኃኒቱንም ምክሩንም አላቋረጥሁም። ለጊዜው የተባለው ያ እፎይታ ለእኔ እጅግ ትልቅ ነበር፤ ያስጨንቀኝ የነበረው ሙሉው ቀን ሳይሆን እነዚያ ጥቂት የምሽት ደቂቃዎች ነበሩና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉና የሚቀመጡበትን ጊዜ እንዲቀንሱ ይመክራል፤ እኔም ወደዚያ የደረስሁት ቀስ በቀስ ነው። እንቅልፌ የተስተካከለውም በዚያው ሰሞን ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ ውል ይለኛል፤ ነገር ግን ተቀምጬ አልጠብቀውም።

ከእኛ ጋር ይታከሙ የነበሩ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አብረውን መራመድ አልቻሉም። እርሳቸው ምሽት ምሽት የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ይነሣሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ፤ በተነሡ ቁጥርም «አቤቱ ማረኝ» ይላሉ። ከማዕከሉ ሲወጡ ምሽቱ እንደ ቀለለላቸው በሁላችንም ፊት መስክረዋል፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ የእርሳቸውንም ምስክርነት ከእኔ ጋር አኖራለሁ።