«ማን ገረፈህ?»

ከአዲስ አበባ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የገባሁት በ13 ዓመቴ ነው። ያኔ ድንክ ቢጤ ነበርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሱሪዎቼ ሁሉ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀሩ። እናቴ «ኧረ ይሄ ልጅ ባሕር ዛፍ ሆነብኝ!» እያለች ትስቃለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከአባቴ ጋር ጀርባ ለጀርባ አቁማ ታለካካናለች። ቁመቱንስ ወድጄው ነበር። አብሮት የመጣው ነው ያስጠላኝ።

ወገቤ ላይ፣ ከቀበቶዬ ከፍ ብሎ፣ አግድም የተጋደሙ መስመሮች ወጡ። ወደ ሐምራዊ ያደላ ጥቁር ቡኒ ናቸው። በጣት ሲነኩ ጎድጎድ ይላሉ። ሸንተረር ሲባል የማውቀው የወለደች ሴት ሆድ ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ላይም ይወጣል ያለኝ የለም። በሽታ መሰለኝና ትንፍሽ አላልኩም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሽንት ቤት ተደብቄ ልብስ እቀይራለሁ። ሰመር ላይ ጓደኞቼ ገንዳ ውስጥ ሲዘሉ እኔ «ብርድ አልችልም» ብዬ ከነቲሸርቴ እገባለሁ። በዚያ ሙቀት!

አንድ ቀን ቅርጫት ኳስ ስንጫወት ዘልዬ ስወርድ ማሊያዬ ተገለበጠ። አሠልጣኙ አየ። ሲያልቅ ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማን ገረፈህ?» አለኝ። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጠራችኝ። ከዚያ ቤት ተደወለ።

አሜሪካ የኖረ ሐበሻ ያ ስልክ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። «ልጅህን ብትነካ መንግሥት ይወስድብሃል» የሚለው ወሬ ገና ሻንጣ ሳይፈታ ነው የሚነገረን። አባቴ ደግሞ በጥፊ እንኳ ነክቶኝ አያውቅም። ያን ማታ እራት አልቀመሰም። «ምን አልካቸው?» ብቻ አለኝ። በአሠልጣኙ ግን አልፈርድም። እዚህ አገር አስተማሪ ከጠረጠረ ማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታው ነው።

ዶክተሯ ሸሚዜን ገልጣ አንዴ አየችና ፈገግ አለች። በጉርምስና ቁመት በፍጥነት ሲጨምር፣ ቆዳን ውስጥ ለውስጥ የያዙት ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉ ክሮች መወጠሩን አይችሉትም፤ ይበጠሳሉ። ሴቶች ላይ ዳሌ፣ ጭንና ጡት ላይ ይበዛል፤ በአንዴ የተመዘዙ ወንዶች ላይ ደግሞ ታችኛው ጀርባ ላይ። አግድም ስለሚሆን ከአለንጋ ሰንበር ጋር መምታታቱም የታወቀ ነገር ነው አለች። ደብዳቤ ጻፈችልን፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

እናቴ ግን «ማጥፊያውስ?» ብላ ከቦርሳዋ አንድ ቱቦ አወጣች። ዘመድ ከሱቅ ገዝታ ያመጣችላት፣ «ለማድያትም ለጠባሳም» የተባለለት ክሬም ነው። ዶክተሯ ገልብጣ አነበበችው። ክሎቤታሶል። ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። አዘውትረው ሲቀቡት ቆዳ ያሳሳል፣ ራሱም ሸንተረር ያወጣል። እናቴ ቱቦውን እንደ እባብ ወረወረችው። ፊቷን ስትቀባው እንደከረመች ያወቅሁት ያኔ ነው። የኮኮዋ ቅባትና የወይራ ዘይት ቆዳ ያለሰልሳሉ እንጂ መስመሩን አያነሱትም። ሌዘርም ቢሆን ቢያደበዝዘው ነው። በጊዜ ግን ቀለሙ ይሳሳል።

የእኔም ሳስቷል። ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላም ግን ቲሸርቴን ለማውለቅ ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። ዶክተር «ምንም አይደለም» ስላለ ሐፍረት ወዲያው አይለቅም። ቤታችንም ስለ ገላ የሚወራበት ቤት አልነበረም።

አሁን ተራው የታናሽ እህቴ ነው። ባለፈው መኪና ውስጥ በሹክሹክታ «ያንተ ጠፋ?» አለችኝ።

«አልጠፋም፤ ነጣ።»

«እስኪ አሳየኝ።»

ዞር ብዬ ሸሚዜን ገለጥ ሳደርግ አባቴ በመስታወቱ አየን። «ኧረ አውርድ አንተ! ደግሞ ሰው አይቶ ይደውልብኝ?»