ቆጣሪው ዝም አለ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። የጨረር ሕክምና ክፍሉ በር ከክረምት ጀምሮ ሲያስቸግረን ከርሟል። ሐዲዱ መሀል ላይ ይቆማል፤ አይከፈት፣ አይዘጋ። አንድ ቅዳሜ ብረት በያጅ ጠርቼ አስፈታሁት። ሆዱ ውስጥ ከእርሳሱ ጋር ወፋፍራም ነጭ ፕላስቲክ ተደርድሯል። የሥጋ ቤት ነጭ መክተፊያ ቁርጥ ነው።

«አለቃ፣ ይሄ ለሙሌት የገባ ነው። ከወጣ በሩ ይቀለዋል» አለኝ በያጁ። እኔም ጨረር የሚያቆመው እርሳስ ነው ብዬ ተስማማሁ። ፕላስቲኩን ግምጃ ቤት አስገባነው። በሩም ሳያንገራግር መሄድ ጀመረ።

እሁድ ማሽኑን አስነስተን በሩ ጋ በጨረር ቆጣሪ ለካሁ። በ6 ሜጋቮልት (የጨረሩ ጉልበት መለኪያ ነው) ዝም። በ15ም ከተፈቀደው በታች። «መከላከያው የተሟላ ነው» የሚለው ላይ ፈረምኩ።

ሰኞ ጠዋት የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ለፕላስቲኩ ሞዴል 19 ይቆረጥ እንደሆነ ሊጠይቅ መጣ። ከፈቃድ የተመለሱት፣ የጨረሩን ልክ የሚቆጣጠሩት ዋና ፊዚሲስታችን ሰሙት።

«የቱ ፕላስቲክ?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ። «በ15 ማንም እንዳይታከም!»

ከካቢኔት ሌላ ቆጣሪ አወጡ፤ ራስ የሚያህል ነጭ ኳስ ያለው። ከእኔ ቆጣሪ ጎን ወንበር ላይ አድርገው በሩ ጋ አስቀመጡት። ኮሪደሩን አስለቅቀው ማሽኑን በ15 አስነሱ። ስንመለስ የእኔ ቆጣሪ እንደ እሁዱ ነው። የእሳቸው ግን ከተፈቀደው በላይ ቆጥሯል።

«ያንተ ኒውትሮን አያይም» አሉኝ። ጉልበቱ ከ10 ሜጋቮልት ገደማ ሲያልፍ ኤክስሬዩ የማሽኑን ጭንቅላት ተንግስተን የተባለ ከባድ ብረት እየመታ፣ ኒውትሮን የሚባለውን የአተም ቅንጣት ያስወጣል። በ6 ጉልበቱ አይበቃም።

«ታዲያ እርሳሱስ?»

«ልጅ ሆነህ ብይ ተጫውተሃል አይደል? ብይህ ግድግዳ ስትመታ ነጥራ ትመለሳለች። እኩያዋን ብይ ስትመታ ግን ፍጥነቷን ለዚያችኛዋ ሰጥታ ቀጥ ትላለች።» ፕላስቲኩ በሃይድሮጅን የተሞላ ነው፤ ሃይድሮጅን ደግሞ የኒውትሮን እኩያ ነው። የእርሳስ አተም ከ200 እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ግድግዳው እሱ ነው። ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ቦሮን የተባለ ንጥረ ነገር የደከመውን ኒውትሮን ይውጠዋል። በዚያች ቅጽበት የምትወጣውን ጋማ ጨረር እርሳሱ ይይዛታል። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

የጡት ታካሚዎች በ6 ስለሚታከሙ ያን ቀን ተስተናገዱ። የማኅፀን በር ካንሰር ያለባቸው ግን ዕጢው ጥልቅ ስለሆነ 15 ነው የታዘዘላቸው። አግዳሚው ላይ ቀሩ። ይህ ሕክምና በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት በተከታታይ የሚሰጥ ነው። ሲቋረጥ ዕጢው ፋታ ያገኛል። ከዳዬ የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ «ልጄ፣ ማሽኑ ተበላሸ?» አሉኝ። «የለም እናቴ፣ ማሽኑ ደህና ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

በያጁን ጠርተን እስከ ማታ ፕላስቲኩን መለስን። ፊዚሲስታችንም አብረውን አመሹ። አንዱን ሰሌዳ እያቀበሉኝ ይህ ቦሮን ሌላ ቦታ መድኃኒት እንደሆነ ነገሩኝ። ጎርደን ሎቸር የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው ሐሳቡን ያቀረበው። ቦሮን ያለበት መድኃኒት ዕጢው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ኒውትሮን ይለቀቅበታል። ቦሮኑ ኒውትሮኑን ውጦ ለሁለት ይሰነጠቃል። ስንጣሪው ከአንዲት ሴል ብዙም ሳይርቅ ይቆማል፤ ጤነኛዋን ጎረቤት አይደርስባትም። ለረጅም ጊዜ ኒውትሮኑ የሚገኘው ከኑክሌር ሪአክተር ነበር፤ ሪአክተር ደግሞ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በቀላሉ የሚተከል ነገር አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2020 በአክስለሬተር (ቅንጣት በሚያፈጥን ማሽን) የሚሠራውን ለራስና አንገት ካንሰር ፈቅዳለች። ይህን ሲያወሩ ድካማቸው ሁሉ የጠፋ ይመስል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ቆጣሪዎች በሩ ጋ አስቀመጥን። ሁለቱም ከተፈቀደው በታች። ቅጹ ላይ «በኒውትሮን ቆጣሪ ተለክቷል» የሚል መስመር በእጄ ጨምሬ ፈረምኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የዳዬዋ እናት ገቡ። በሩ ከበድ ብሎ ተዘጋ።