ማጣሪያው መሞቱን በምን አወቅሁ?

አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ በምኖርበት አፓርታማ 40 ጋሎን የምትይዝ የኮራል አኳሪየም አለችኝ። ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዛሬ የማወራው ስለ ዓሣዎቹ አይደለም። ከወጥ ቤቱ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ሥር ስለተሰቀሉት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ነው፤ ውሃውን ስለሚያጣሩልኝ።

የቧንቧው ውሃ መጀመሪያ በደለል ማጣሪያ፣ ከዚያ በካርቦን፣ ከዚያ በሜምብሬን (ውሃውን አሳልፎ የሟሟውን አብዛኛውን ነገር በሚያስቀር ስስ ሽፋን)፣ መጨረሻ ላይ በሬዚን (ከሜምብሬኑ ያመለጠውን በሚይዙ ትንንሽ እንክብሎች) ያልፋል። ሻጩ "በየ6 ወሩ ቀይር" ብሎኝ ስለነበር ቀን ቆጥሬ ሁሉንም በአንድ ላይ እቀይር ነበር። ውድ የሆነውን ሜምብሬን ብቻ እተወዋለሁ። አምስተኛው ወር ሳያልቅ አሸዋው ላይ የቡና ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ቡናማ ነገር ወጣ። ዲያቶም የሚባል ደቂቅ አልጌ ነው። የመብራቱን ሰዓት ቀነስኩ፣ ምግብ ቀነስኩ፣ አሸዋውን በሳይፎን መጠጥኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ችግሩ ውሃው ነበር። የቲዲኤስ መለኪያዬ (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚገምተው) ከሬዚኑ በኋላ 3 ይላል። "3 ምን አላት?" ብዬ ንቄያት ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ሬዚን ሲደክም መጀመሪያ የሚለቀው ላላ አድርጎ የያዘውን ነው፤ ሲሊኬት፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟ ሲሊካ፣ ከነዚህ አንዱ ነው። የዲያቶም ቅርፊት የሚሠራው ደግሞ ከሲሊካ ነው። መለኪያው የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ስለሆነ ሲሊካን እምብዛም አያይም። ስለዚህ አሁን 1 ስትታይ ሬዚኑን እቀይራለሁ። 3ን አልጠብቅም።

ግን አዲሱ ሬዚን ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። መለኪያዬን መጨረሻ ላይ ብቻ ነበር የምነክረው። ሬዚኑ እስካለ ድረስ መጨረሻው ሁሌም 0 ነው፤ ከፊቱ ያለው ሁሉ ቢሞት እንኳ ገመናውን ይሸፍንለታል። በሜምብሬኑና በሬዚኑ መሀል ሁለተኛ መለኪያ ገጠምኩ። ቧንቧው 210፣ ከሜምብሬን በኋላ 21። ማለትም 90 በመቶ ብቻ ነው የሚያስቀረው። አዲስ እያለ ቁጥሩ 6 ነበር፤ ወደ 97 በመቶ። ሬዚኑ ሦስት ተኩል ዕጥፍ ሸክም ተሸክሞ ነው ቶሎ ያለቀው።

የ14 ወር ሜምብሬን ለምን ይሞታል? በደንብ ከተያዘ ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል። ዋናው ተጠርጣሪ ካርቦኑ ሆነ። የሜምብሬኑን ስስ ሽፋን ክሎሪን ይበላዋል፤ ከዚያ የሚከላከለው ካርቦኑ ነው። ካርቦን ሲያልቅ ደግሞ የቲዲኤስ መለኪያ ምንም አይነግርህም። የክሎሪን መመርመሪያ ገዛሁ፣ ነከርኩ፣ ዜሮ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የገዛሁት የነጻ ክሎሪን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር ያልተጣመረውን ብቻ የሚያሳየውን ነው። የኛ ሰፈር ውሃ ከዋሽንግተን አኩዌደክት (ለአካባቢው ውሃ አጣርቶ ከሚያቀርበው ድርጅት) ነው የሚመጣው፣ ዓመቱን አብዛኛውን በክሎራሚን ነው የሚታከመው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተቀላቅለው። እሱን የሚያሳየው የጠቅላላ ክሎሪን መመርመሪያ ነው። ያንን ስጠቀም ቀለሙ ወዲያው ተቀየረ።

ሙከራውን የማደርገው ሜምብሬኑ ሳያሳልፍ በሚጥለው ውሃ ላይ ነው። በካርቦኑ ያለፈ ስለሆነ ጠርሙስ መፍታት አያስፈልግም። ምንም ዓይነት ቀለም ካየሁ ካርቦኑ አለቀ ማለት ነው፣ ገና ሁለት ወሩም ቢሆን። ሜምብሬኑን ቀይሬ አሁን ሁለት ካርቦን በተከታታይ አለኝ። አሞኒያው ግን ከካርቦኑ ያመልጣል፤ እሱን የሚይዘው ሬዚኑ ነው። ክሎራሚን ያለበት ከተማ የምትኖሩ ሬዚናችሁ ቶሎ ቢያልቅ አትገረሙ።

የዚህ አካባቢ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከመጋቢት አጋማሽ ገደማ ጀምሮ፣ እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ሆነን ወይም ፋሲካ ሲደርስ፣ የከተማውን ቧንቧ ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ነጻ ክሎሪን ይቀይራሉ። የመዋኛ ገንዳ ሽታ የሚሸታችሁ ያኔ ነው። ካርቦን ነጻ ክሎሪንን ከክሎራሚን ይልቅ በቀላሉ ይይዘዋል። ካለቀ ግን ሜምብሬኑን የሚጎዳው ይሄኛው በፍጥነት ነው። እኔ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ካርቦን እቀይራለሁ።

ስለ ደለል ማጣሪያው ብዙ የምለው የለም። ከሱ በኋላ የግፊት መለኪያ አለኝ፤ አዲስ ሲሆን 60 ፒኤስአይ ያሳያል፣ 50 ሲደርስ እጥለዋለሁ። ጥር ላይ ውሃው ሲዘገይ ግን ማጣሪያ ለመግዛት አትሩጡ። ቀዝቃዛ ውሃ በሜምብሬን ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። አንድ ክረምት እንዲሁ ደንግጬ ደህናውን ጥያለሁ።

አንድ ሌላ የተማርኩት ነገር፦ መሣሪያው ቆሞ ከርሞ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ቆሻሻ ነው። የኔው 6 የሚለው መለኪያ ሲጀምር 60 ይላል። በፊት በየቀኑ አንድ ጋሎን እቀዳ ነበር፣ ስለዚህ ያ ሁሉ በየቀኑ ሬዚኑ ላይ ይደፋ ነበር። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ 10 ጋሎን አዘጋጃለሁ። የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ በባልዲ ለይቼ ወለል እንወለውልበታለን። ባለቤቴ "ዓሣዎችህ ከኛ የተሻለ ውሃ ይጠጣሉ" ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ካርቦን ስትቀይሩ ጥቁሩ ብናኝ ወደ ሜምብሬን እንዳይገባ መጀመሪያ ውሃውን ወደ ባልዲ ልቀቁት። የጎማ ቀለበቷም ቦታዋ መግባቷን እዩ። እኔ አንድ ሌሊት ሳላያት ተኝቼ፣ ጠዋት የወጥ ቤቱን ምንጣፍ በረንዳ ላይ አስጥቻለሁ።

የዛሬው መዝገቤ፦ ቧንቧ 204፣ ከሜምብሬን በኋላ 5፣ ከሬዚን በኋላ 0፣ ጠቅላላ ክሎሪን 0፣ ግፊት 57። አሸዋው ነጭ ነው። እናንተ ጋ ከሜምብሬን በኋላ ስንት ይላል?