የስኮርታው ክብደት

ዛሬ ጋራዥ ዋልኩ። ለአሮጌዋ ላንድክሩዘር ከኋላ የዕቃ ሳጥን፣ የኋላ በሩ ላይ ደግሞ የስኮርታ (የመጠባበቂያ ጎማ) ማንጠልጠያ ላስበይድ ነበር ሐሳቤ። በያጁ አልተከራከረኝም። ጎማውን አነሳና "ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ዘርግተው ይያዙልኝ" አለኝ። ወደ 35 ኪሎ ነው። አስር ሴኮንድ እንኳ አልቆየሁም፣ ትከሻዬ ከዳኝ።

"በሩም እንደዚሁ ነው። ኮረኮንች ላይ ደግሞ ያዘልለዋል" ብሎ ሳቀ። ከዚያ የበሩን እጀታ ይዞ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። በሩ አንድ ጣት ያህል ተነሳ። ማጠፊያው ድሮም አልቆለታል ለካ! እኔ በእርግጫ ነበር የምዘጋው።

ስኮርታው ከሻንሲው (ከመኪናዋ የብረት አጽም) ጋር በታሰረ የኋላ ፓራውልት (መከላከያ ብረት) ላይ፣ በራሱ ማጠፊያ እንዲሆን ተስማማን። ዋጋው ያማል።

ወደ ቤት ስመለስ ሁላችንም ሸክማችንን የምንጭንባት ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ። ደወልኩላት። "ምን ፈለግክ?" አለችኝ።